ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ የቀረበው የሦስተኛው መዝገብ ጉዳይ

የኡዎዙ ከተማ የወደብ ጎን ሰፈር የድሮ ጀብዱ ጨዋታዎች ወዳጆች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ በጃፓን ዘመን አቆጣጠር ሬይዋ 6ኛ ዓመት፣ 11ኛው ወር በገባ በ17ኛው ቀን፣ እሑድ

ቦታ፦ የሰፈሩ አዳራሽ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትንሹ ክፍል። ትልቁን ክፍል እንደ ወትሮው የአበባ አደራደር ማኅበር ይዞታል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለሰባት ተኩል ተጠርቶ አባላቱ ሁሉ ሰባት ከሃያ ላይ ስለደረሱ፣ ዐሥር ደቂቃ ተፋጠው ከተቀመጡ በኋላ ልክ ሰባት ተኩል ላይ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ዮሺማሳ ካናሞሪ፣ ሰብሳቢ፣ ዓሣ ነጋዴ
2. አቶ ሾጎ ኖዙኤ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የሰብሳቢው የልጅነት ጎረቤት
3. ወይዘሮ ሃሩኤ ኢናጋኪ፣ አባል፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ባለቤት፣ የ71 ዓመት እናት፣ በጉልበታቸው ምክንያት ወንበር የተፈቀደላቸው
4. አቶ ኩኒሂኮ ሴሪዛዋ፣ አባል፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ
5. ወይዘሮ ሚትሱዮ ሺማኦ፣ ጸሐፊ፣ የሰብሳቢው ታናሽ እህት። ይህ ዝምድና በቃለ ጉባኤው ላይ አንዳችም ተጽዕኖ አላሳደረም።

ያልተገኙ፦ አቶ ቴትሱያ ሂሮሴ ዓሣ ሊያጠምዱ ስለሄዱ አልመጡም። «ስብሰባው በሚወስነው ሁሉ እስማማለሁ» የሚል ማኅተም ያረፈበት የውክልና ደብዳቤ ልከዋል። ከስድስት አባላት አምስቱ በአካል፣ አንዱ በወረቀት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ከሚገባው በላይ ሞልቷል።

አጀንዳ፦

1. በአዳራሹ መግቢያ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ማኅበሩን ወክሎ የሚቀመጥ አንድ ጨዋታ ስለ መምረጥ
2. ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ በሄይሴይ 3ኛ ዓመት የክረምት ዕረፍት ስለጠፋው የሦስተኛው መዝገብ ጉዳይ (በጸሐፊዋ ለ12ኛ ጊዜ የቀረበ)
3. ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ አየሩ መቀዝቀዙን ገልጸዋል። አባላቱም አየሩ መቀዝቀዙን በየተራ አረጋግጠዋል።

ወደ ውይይት ከመገባቱ በፊት ጸሐፊዋ ሁለተኛው አጀንዳ አንደኛ እንዲሆን ጠይቃለች። ይህን ቃለ ጉባኤ የሚመረምረው የማዘጋጃ ቤት ሰው ግራ እንዳይጋባ ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። «የጭጋግ ሸለቆ ስድስቱ ልጆች» የሚባለው ጨዋታ ካሴት ሦስት ተጫዋቾች የደረሱበትን ቦታ የሚያስቀምጡባቸው ሦስት መዝገቦች አሉት። አንደኛው የሰብሳቢው፣ ሁለተኛው የአቶ ኖዙኤ፣ ሦስተኛው የጸሐፊዋ ነበር። ጸሐፊዋ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ክረምቱን ሙሉ ተጫውታ አርባ አንደኛው ደረጃ ላይ ደርሳ፣ የመጨረሻው ማማ በር ላይ ቆማ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ሦስተኛው መዝገብ ባዶ ነበር። የያኔው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የዛሬው ሰብሳቢ፣ ድመታችን ቶራ ማሽኑ ላይ ስትወጣ በዐይኔ አይቻለሁ ብለው መሰከሩ። ድመቷ ኩሮቤ ከተማ ወዳለችው አክስታችን ቤት ተላከች፤ እዚያው ኖራ እዚያው ሞተች። ጸሐፊዋ ይህን ታሪክ አንድም ቀን አምናው አታውቅም። ካሳ አትፈልግም፤ ይቅርታም ቢሆን ግድ የላትም። ማን እንዳጠፋው ብቻ ማወቅ ትፈልጋለች። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በየዓመቱ ጉዳዩን ታቀርባለች፤ ሰብሳቢውም በየዓመቱ «ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ይላሉ።

አቶ ሴሪዛዋ አጀንዳው ቤት ለቤት ዞሮ ስድስቱም አባላት የግል ማኅተማቸውን ያሳረፉበት እንደሆነ፣ ከማኅተሞቹም አንዱ የጸሐፊዋ መሆኑን አስታውሰዋል። ቅደም ተከተሉ ባለበት ጸንቷል። ጸሐፊዋ ይህን የመዘገበችው ያለ ምንም ቂም ነው።

አጀንዳ 1

አቶ ሴሪዛዋ የማዘጋጃ ቤቱን ቅጽ አንብበዋል። የሚቀመጠው ዕቃ አንድ ብቻ ይሆናል፤ የሚሠራ መሆኑ በአባላት ፊት ይረጋገጣል፤ የሁሉም ማኅተም ያርፍበታል፤ ቅጹም ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በፊት ለአዳራሹ ጠባቂ ይሰጣል። ይህ ካልሆነ ሳጥኑ ለድንክ ዛፍ አሳዳጊዎች ማኅበር ያልፋል። የድንክ ዛፍ ሰዎች ከአሁኑ ሁለት ሳጥን እንዳላቸው ሲነገር አባላቱ በአንድነት ተንፍሰዋል።

አቶ ኖዙኤ «የሰባተኛዋ ጨረቃ መሐላ» እንዲመረጥ ጠይቀዋል። ሁለተኛው ዲስክ ማለቂያ ላይ ደወል ደዋይዋ ልጅ ስትሞት ሁለት ቀን ምግብ እንዳልበሉ፣ እስካሁንም ሙዚቃውን በክሊኒካቸው እንደሚያሰሙ ተናግረዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ በሽተኞቹ ምን እንደሚሉ ጠይቀው፣ ከመርፌው በፊት የሚያለቅሱ እንዳሉ ተነግሯቸዋል። ቀጥለውም ልጅቷ ስትሞት ለብሳው የነበረው የብር ጥሩር ለተጫዋቹ ተመልሶለት እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ኖዙኤ አለመመለሱን አምነዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ እንዲያማ ከሆነ እኔም አለቅስ ነበር ብለዋል።

አቶ ኖዙኤ ውይይቱ ወደ ጨዋታው ጥልቀት እንዲመለስ አሳስበው፣ ጀግናው የገዛ ስሙን የማያስታውስ መሆኑ ትልቅ ፍልስፍና እንዳለው አብራርተዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ ስሙን የማያውቅ ልጅ ዓለምን አድን ብሎ የሚልክ ንጉሥ እሱ ራሱ መመርመር አለበት ብለዋል። የልጁ ጸጉር ራስ ቁር እንደማያስገባም በተጨማሪ አንሥተዋል።

ወይዘሮ ኢናጋኪ በበኩላቸው «ጥልቁ ጉድጓድ፣ ክፍል ሦስት» እንዲመረጥ ጠይቀዋል። ጨዋታው ወሬ የለበትም፣ ፍቅር የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም፤ ዘጠና ዘጠኝ ፎቅ መውረድ ብቻ ነው። በመታጠቢያ ቤታቸው ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ዐሥራ አራት ጊዜ ጨርሰውታል። ዘዴያቸውን ሲያስረዱ፣ ከመጀመሪያው መንደር ሳይወጡ አርባ ሰዓት እንቁራሪት እንደሚገድሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ሲሄዱ የመጨረሻው ጋኔን እጃቸውን ሳያነሡ እንደሚወድቅ ገልጸዋል። አቶ ኖዙኤ ይህ ጨዋታ ሳይሆን ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው ብለዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ የሐኪሙ ጨዋታ ደግሞ ቁልፍ እየተጫኑ የሚያዳምጡት ሬዲዮ ነው ብለዋል። ሰብሳቢው ሁለቱም ሐሳቦች ውብ ናቸው ብለው ሻይ እንዲቀዳ አድርገዋል።

አቶ ሴሪዛዋ «የድንበር አውራጃ ጦር» የተባለውን አቅርበዋል። አንዱ ውጊያ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ወታደሮቹም ስንቅ የሚያገኙት በጨዋታው ውስጥ ቅጽ ተሞልቶ ሲጸድቅ ነው። አቶ ሴሪዛዋ ይህን ክፍል ሲያስረዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ጨዋታውን ከርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው እንዳለ ተጠይቆ እጅ ያወጣ የለም።

እዚህ ላይ አቶ ሴሪዛዋ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንሥተዋል። በቀረቡት ጨዋታዎች ሁሉ ጀግናው የማያውቀው ሰው ቤት ሳይፈቀድለት ገብቶ መሳቢያ ይከፍታል፣ እንስራ ይሰብራል፣ ያገኘውን ይወስዳል፤ ይህ ለሕዝብ አዳራሽ ይመጥናል ወይ? ወይዘሮ ኢናጋኪ ስርቆቱ እንደማይከነክናቸው፣ የሚከነክናቸው ልጁ ጫማውን ሳያወልቅ የሣር ምንጣፉ ታታሚ ላይ መውጣቱ እንደሆነ ተናግረዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። አቶ ኖዙኤ በጨዋታቸው ውስጥ ጀግናው በጭቃ ጫማ የንጉሡ አልጋ ላይ እንደሚተኛ ትዝ ብሏቸው ሻዩን አስቀምጠዋል። ጀግናው ጫማ ሲያወልቅ ስላልታየ ብቻ አላወለቀም ማለት እንደማይቻል ተከራክረው፣ ለሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደርጓል።

ውሳኔ 1፦ በጨዋታዎቹ ሁሉ ያሉ ጀግኖች ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንዳወለቁ ይቆጠራል። በሙሉ ድምፅ አልፏል።

ቀጥሎ ድምፅ ተሰጥቷል። ሦስቱ አባላት ለየራሳቸው ጨዋታ ድምፅ ሰጥተው፣ ሰብሳቢው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ጸሐፊዋ ድምፄ ለአጀንዳ 2 ይቀመጥልኝ ብላለች። አቶ ሂሮሴ በሚወሰነው ሁሉ ስለሚስማሙ ድምፃቸው ለማን እንደሚቆጠር ጥያቄ ተነሥቷል።

ውሳኔ 2፦ የአቶ ሂሮሴ ድምፅ ለሦስቱም ጨዋታዎች ይቆጠራል። በዚህም መሠረት ሦስቱም እኩል ሁለት ሁለት ድምፅ አግኝተዋል።

ወይዘሮ ኢናጋኪ በውጤቱ ቅር ተሰኝተው፣ ሰብሳቢው ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ድረስ መጥተው «አይዞዎት፣ የሚያልፈው የእርስዎ ነው» ብለው የደረቀ ዓሣ እንደሰጧቸው ተናግረዋል። አቶ ኖዙኤ ይህንኑ ቃልና ይህንኑ ዓሣ ዓርብ ዕለት እንደተቀበሉ ገልጸዋል። አቶ ሴሪዛዋ ረቡዕ ዕለት ሦስት ዓሣ ደርሷቸው ሁለቱን እንደበሉ፣ አንዱን ግን ለማስረጃ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳቆዩ አሳውቀዋል። ከስብሰባ በፊት ቤት ለቤት ዞሮ ሰውን ማስማማት የሰፈራችን ወግ ነው፤ አለዚያ ሰው ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል። ሦስት ሰው በሦስት የተለያየ ነገር ማስማማት ግን ታይቶ አይታወቅም። ሰብሳቢው ምክንያታቸውን ተጠይቀው ሁሉንም ጨዋታ እወዳለሁ ብለዋል። ጸሐፊዋ ሰብሳቢው የሰውን ጨዋታ ሁሉ ሲደግፉ የራሳቸውን አለማቅረባቸውን ልብ ብላለች። «የጭጋግ ሸለቆ ስድስቱ ልጆች»ን ያንን የሚያህል ጨዋታ የለም እያሉ ሲምሉ ያደጉ ሰው ናቸው።

የሩዝ ብስኩቱ አልቋል።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ኢናጋኪ ለሰላም ሲሉ ጨዋታቸውን እንዳነሡ አስታውቀዋል። አቶ ኖዙኤ በጨዋነት ላለመበለጥ የራሳቸውን ወዲያው አንሥተዋል። አቶ ሴሪዛዋም አንሥተዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ እኔ ስላነሣሁ እናንተ ማንሣት የለባችሁም ብለው፣ አቶ ኖዙኤ የእርስዎ ቀርቶ የኔ ከሚገባ ክሊኒኬን እዘጋለሁ ብለዋል። ከመጀመሪያው ክርክር ይህኛው የከረረ ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ኢናጋኪ «እንግዲያው ከሦስታችን የማንም አይግባ፤ የሰብሳቢው ይግባና ሁላችንም እንረፍ» አሉ። ጭብጨባ ሆነ።

ውሳኔ 3፦ «የጭጋግ ሸለቆ ስድስቱ ልጆች» የተባለው የሰብሳቢው ካሴት በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

ሰብሳቢው ውሳኔውን አጥብቀው ተቃውመዋል። የጨዋታው ሥዕል ድብዝዝ ያለ እንደሆነ፣ የልጆቹ ጭንቅላት አራት ማዕዘን መሆኑን፣ ሙዚቃው ራስ እንደሚያዞር፣ ታሪኩም ጭጋግ ውስጥ የጠፉ ስድስት ልጆች ከመሆኑ በቀር ፍሬ እንደሌለው አስረድተዋል። ጸሐፊዋ ወንድሟ ይህን ጨዋታ ሲያማ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ጥርጣሬዋ ከዚህ ይጀምራል።

ሰብሳቢው ቀጥለው ካሴቱን ቤት ረስቼዋለሁ ብለዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ «ታዲያ ደረት ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሲጋራ ካቆምክ ስድስት ዓመትህ» ብለዋቸዋል። ሰብሳቢው ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። በዚህ ቅጽበት አቶ ኖዙኤ አስቸኳይ በሽተኛ እንደመጣባቸው ተናግረው ሊነሡ ሲሉ፣ አቶ ሴሪዛዋ እሑድ መሆኑን ጠቅሰው አስቀምጠዋቸዋል።

ቅጹ እንደሚያዘው ካሴቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ የአዳራሹ ጀርባ ጎባጣ ቴሌቪዥን ከማኅበሩ የጨዋታ ማሽን ጋር ተገናኝቶ ተከፍቷል። አቶ ኖዙኤ የአፍ እርጥበት ካሴት ያበላሻል ብለው በየዓመቱ ቢያስጠነቅቁም ጸሐፊዋ እንደ ደንቡ ካሴቱን እፍ ብላ አስገብታዋለች። ስክሪኑ ላይ የታየው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ መዝገብ፦ ዮሺ፣ ደረጃ 23።

ወይዘሮ ኢናጋኪ «ሃያ ሦስት?» ብለዋል። ሰብሳቢው ጨዋታውን ጨርሰውታል የሚሉት የቀደሙት ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ እንዲታረሙ ተይዟል።

ሁለተኛ መዝገብ፦ ሾጎ፣ ደረጃ 12። አቶ ኖዙኤ ያን ጊዜ ብዙ የቤት ሥራ ነበረብኝ ብለዋል።

ሦስተኛ መዝገብ፦ ሚትሱ፣ ደረጃ 41።

ጸሐፊዋ ለአራት ደቂቃ ያህል ምንም አልጻፈችም። በዚህ ጊዜ የተባለ ነገር ካለ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 2

አጀንዳው በማንም ሳይከፈት ተከፍቷል። ሰብሳቢው ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ስብሰባ እንዲተላለፍ በዝቅተኛ ድምፅ ጠይቀዋል። የደገፋቸው የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

ሰብሳቢው ከታታሚው ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ እንዲህ ሲሉ አስረድተዋል። በዚያ ክረምት የራሳቸውን ጨዋታ አንደኛው መዝገብ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ጣታቸው ሁለቴ ወርዶ ሦስተኛው ላይ አረፈ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል ጠይቋቸዋል። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ ሳያነቡ አዎ ማለት የለመደ ጣት ነውና አዎ አሉ። የእህታቸው ክረምት በሙሉ በርሳቸው ሃያ ሦስተኛ ደረጃ ተሸፈነ። ሲደነግጡ ስሕተቱ እንዳይታወቅ መዝገቡን ጠርገው ባዶ አደረጉት። ድመቷ በዚያ ሰዓት ታች ቤት ተኝታ ነበር።

ማኅበሩ ሲመሠረትና ጸሐፊዋ ጉዳዩን በቀለም ጽፋ ስታቀርብ፣ ሰብሳቢው የዚያኑ ቀን ወላጆቻችን ቤት ሄደው ሣጥን አገላብጠው የጸሐፊዋን የልጅነት ደብተር አወጡ። ደብተሩ ውስጥ በየቀኑ የት እንደደረሰች፣ ምን እንዳገኘች፣ ስንት ቅጠል መድኃኒት እንደያዘች ተጽፎ ነበር። በርሷ ስም ከመጀመሪያው መንደር ጀመሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት በምሳ ሰዓት፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከዓሣ ሱቁ ጓዳ ቁጭ ብለው ደብተሩን እየተከተሉ ተጫወቱ። የካሴቱ ባትሪ ሁለት ጊዜ ሊሞት ሲል፣ መዝገቡ እንዳይጠፋ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ በጥርስ መሣሪያ የቀየሩት አቶ ኖዙኤ ናቸው። አቶ ኖዙኤ ለምን እንደደበቁ ተጠይቀው የበሽተኛ ምስጢር ነው ብለዋል። በሽተኛው ማን እንደሆነ ተጠይቀው ካሴቱ ብለዋል።

ወይዘሮ ኢናጋኪ ደረጃው አርባ አንድ ከሞላ ለምን ዝም እንዳሉ ጠይቀዋል።

«ካባው አልገኝ ብሎኝ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ሰብሳቢው ከቦርሳቸው ባወጡት ደብተር ላይ፣ በሦስት ኮከብ ተከቦ፣ «የጭጋግ ካባ አገኘሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ካባ የሚገኘው ጭጋግ ጉጉት የሚባለው አውሬ ሲገደል ነው፤ ያውም ከስንት አንዴ። ወይዘሮ ኢናጋኪ በዕድሜያቸው በዐይናቸው እንዳላዩት መስክረዋል። ጸሐፊዋ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ በሦስተኛው ጉጉት ነበር ያገኘችው። ሰብሳቢው የቀረው ሁሉ ከሞላ አራት ዓመት እንደሆነው፣ አራቱንም ዓመት ጉጉት ሲገድሉ እንደኖሩ፣ በዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየጫሩ ሲቆጥሩ ስድስት ሺህ ማለፉን ተናግረዋል። ካሴቱ ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ጉጉት ማደን እንደማይቻል አውቀው ነበር ዓሣ ይዘው በየቤቱ የዞሩት።

«እንደነበረ አድርጌ ልመልስልሽ ብዬ ነው» አሉ። «ካባው ከሌለ ያንቺ አይደለማ። ግማሽ ነገር ይዤ መጥቼ ምን ልልሽ ነው?»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ እንዲህ አለች።

«ጋሼ፣ ካባውን እኮ ሸጬው ነበር።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ከመጥፋቱ ሁለት ቀን በፊት። ቀይ ባርኔጣ አምሮኝ።»

«ደብተሩ ላይ ባርኔጣ የለም።»

«አፍሬ ነው ያልጻፍኩት። ያን የሚያህል ካባ ለባርኔጣ ሸጠች እንዳትሉኝ ብዬ።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ቆይተዋል። ይሳቁ ያልቅሱ ከጸሐፊዋ ቦታ አልታየም። አቶ ሴሪዛዋ ስድስት ሺህ ጉጉት በአራት ዓመት ሲካፈል በቀን ስንት እንደሚመጣ ማስላት ጀምረው በወይዘሮ ኢናጋኪ ክርን ተገትተዋል። ጸሐፊዋ ለዚህ ቀን ለሠላሳ ሦስት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር እንደነበራት፣ አሁን አንዱም ቃል እንዳልመጣላት፣ ልትናደድ ሞክራ እንዳቃታት፣ ከዚህ ወንድም የሚበልጥ ወንድም እንደማትፈልግ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ብላለች። ተይዟል።

ውሳኔ 4፦ ድመቷ ቶራ ከተከሰሰችበት ነጻ ናት። የኩሮቤዋ አክስት በደብዳቤ እንዲነገራቸው፣ ደብዳቤውንም ሰብሳቢው ራሳቸው እንዲጽፉ።

አጀንዳ 3

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ አቶ ሴሪዛዋ ቅጹ ለጠባቂው የሚሰጥበት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ እንደቀረው አሳስበዋል። ወይዘሮ ኢናጋኪ ገና ሥራ ላይ ያለ ካሴት መስታወት ውስጥ እንደማይቆለፍ፣ ድንክ ዛፍ ግን የትም ቢያስቀምጡት ያው ድንክ እንደሆነ ተናግረዋል። ሰፊ ውይይት አላስፈለገም።

ውሳኔ 5፦ ድመቷን ከሚመለከተው በቀር በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ካሴቱ አልተመረጠም። ሳጥኑ ለድንክ ዛፍ ማኅበር ይለፍ። የአቶ ሂሮሴ ድምፅ ለማንም አይቆጠርም፤ በሚወሰነው ሁሉ ስለሚስማሙ በዚህም ይስማማሉ። ጀግኖቹ ከነጫማቸው ቤት እንደገቡ ይቆጠራል። የተበላው ዓሣ አይመለስም።

ከዚህ በታች ያለው በምክትል ሰብሳቢው በሾጎ ኖዙኤ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊዋ ጆይስቲኩን ስለያዘች መጻፍ አልቻለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ቀይ ባርኔጣው በጨዋታው ውስጥ ካለው ቅርብ መንደር ተገዝቷል። ከመጀመሪያው ሱቅ ነው የተገኘው። ወይዘሮ ኢናጋኪ ባርኔጣው ልጅቷ ላይ ያምራል ብለዋል።

ዐሥር ሰዓት ላይ የጡረተኞች የብሩሽ ጽሕፈት ክፍል ተማሪዎች ከነብሩሻቸው መጥተው ክፍሉን እንድንለቅ በትሕትና ጠይቀዋል። እኛም በትሕትና እንደምንለቅ ነግረናቸው አንዳችንም አልተነሣንም። ጥቂት ቆመው ሲያዩ ቆይተው ከኋላችን ተቀምጠዋል። አስተማሪያቸው በማማው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወደ ቀኝ ሂጂ ብለው ልክ ሆነው ተገኝተዋል። ሰብሳቢው በሦስተኛው ፎቅ ላይ ወደ ግራ ሂጂ ብለው ስላሳሳቱ፣ ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ አንተ ዝም ብለህ ካርታውን ያዝ» ብላቸዋለች። ሰብሳቢው ደብተሩን ከፍተው የሸለቆው ካርታ ያለበትን ገጽ፣ ማማው ባይኖርበትም፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

የመጨረሻው ጋኔን ዐሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ወድቋል። ከኋላ ያጨበጨቡት የብሩሽ ጽሕፈት ሰዎች በቁጥር ከኛ ይበልጡ ነበር። ጭጋጉ ተነሥቶ ስድስቱ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲገቡ የተጫዋቿ ስም ወጣ፤ ከዚያ ማሽኑ ጨዋታው ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ቀጥሎም እርግጠኛ ናችሁ ወይ አለ። ጸሐፊዋ ጆይስቲኩን ለሰብሳቢው ስትሰጣቸው ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጸሐፊዋ አንዱን ጎትታ አወጣች፤ ጣታቸውንም ቁልፉ ላይ አስቀምጣ የራሷን እጅ ደረበችበት።

ሦስተኛው መዝገብ ዐሥር ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ በሰብሳቢው ጣት ተቀምጧል፤ ስብሰባውም በዚያው ተዘግቷል።